አምስት ሴቶች፣ አንድ የስፌት ቤት፦ የዝግጅት ማስታወሻዬ

ኦገስት መጀመሪያ

ፈቃዱ መጣ! «ሪል ዊሜን ሃቭ ከርቭስ» የተባለውን ተውኔት እዚሁ ሎስ አንጀለስ ልናዘጋጅ ነው። አዳራሻችን መቶ ሰው አይዝም። በዚህ ከተማ እንዲህ ያሉ ትናንሽ ቴአትር ቤቶች ሞልተዋል፤ የፊት ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው የተዋናይዋን ላብ ሳይቀር ያያል። ለእኛ ይሄ ትልቅ ዕድል ነው፤ ታሪኩ ራሱ በጠባብ ቤት ውስጥ ሙቀት ስለሚጨርሳቸው ሴቶች ነውና።

ተውኔቱን ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጸሐፊዋ ሆሴፊና ሎፔዝ ናት። ሜክሲኮ ተወልዳ በልጅነቷ ሎስ አንጀለስ መጣች፤ ለዓመታት ያለ ወረቀት ኖራለች፤ በእህቷ የስፌት ቤትም ሠርታለች። ተውኔቱ መጀመሪያ የታየው በ1990 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ሳን ፍራንሲስኮ ነው። በ2002 ፊልም ሆነ፣ በ2025 ደግሞ ዘፈን ተጨምሮበት የኒው ዮርኩ የቴአትር ሰፈር ብሮድዌይ ገባ። እኛ የምንሠራው ዋናውን፣ የመድረኩን ነው። ጊዜው ሴፕቴምበር 1987፣ ቦታው ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ። ኤስቴላ የስፌት ቤቱ ባለቤት ናት። እናቷ ካርመን አብራት ትሰፋለች። ታናሽ እህቷ አና ሃይስኩል ጨርሳ ኮሌጅ፣ ኮሌጅ ትላለች። ፓንቻና ሮሳሊ ሠራተኞች ናቸው። የቀሚስ ትዕዛዝ አለባቸው፣ ቀኑ ደርሷል፣ ገንዘብ የለም።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝን እዚሁ ልመልስ። አንቺ ሐበሻ ሆነሽ ይሄን ተውኔት የምታዘጋጂው በምን አግባብ ነው? ጥያቄው ትክክል ነው፣ አልቀየምበትም። ሥራውን ሲሰጡኝ አንድ ነገር ጠይቄያለሁ፦ ምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ተወልዳ ያደገች ሜክሲኮ አሜሪካዊት አዘጋጅ አብራኝ ትሥራ። ስሟ ከስሜ እኩል ይጻፍ፣ ክፍያዋም እኩል ይሁን፣ በባህል ጉዳይ ላይ «አይሆንም» ካለች ደግሞ አይሆንም። ተስማሙ። አማካሪ ብሎ ሰው ጠርቶ፣ ቡና ጋብዞ፣ ስሙን ከበራሪ ወረቀቱ ጀርባ በትንሽ ፊደል ጽፎ መሸኘት አልፈልግም። ፊልም ላይ ኢትዮጵያዊ ነው የተባለ ሰው አፉን ሲከፍት የሚናገረው ከየትም ያልሆነ ቋንቋ ሲሆን ምን እንደሚሰማን ሁላችንም እናውቀዋለን። እዚያ ክፍል ውስጥ «ይሄ ልክ አይደለም» ብሎ ሥራውን ማስቆም የሚችል ሰው አልነበረም ማለት ነው። በእኛ ክፍል ውስጥ እንዲኖር እፈልጋለሁ።

ኦገስት፣ ከኦዲሽን በኋላ

ማስታወቂያው ላይ «ላቲና ተዋናዮች ይፈለጋሉ» ብቻ ብለን አላለፍንም። የኩባ፣ የኮሎምቢያ፣ የጓቲማላና የሜክሲኮ ሰው በአንድ ስም ስለተጠራ አንድ አይሆንም። ቤተሰቡ ሜክሲኳዊ ነው፣ ከተማው ሎስ አንጀለስ ነው፣ ዘመኑ 1987 ነው፤ ይሄን በግልጽ ጻፍን። ባልደረባዬ ካርመንን፣ ኤስቴላንና አናን የሚጫወቱት ሴቶች ከሜክሲኮ ቤተሰብ እንዲሆኑ ፈለገች። እኔም ተስማማሁ። አንድ ቤት ውስጥ ያደጉ ሰዎች ሲጣሉ የሚያሳዩት ነገር በልምምድ ብቻ አይመጣም።

የሮሳሊን ቦታ ያገኘችው ልጅ ወላጆቿ ከኤል ሳልቫዶር ናቸው። ንባቧ ግሩም ነበር። ግን የሳልቫዶር ሰዎች ስፓኒሽ ሲናገሩ በቃል መጨረሻ ላይ ያለውን «ስ» ወደ «ህ» ያላሉታል፤ ገጸ ባሕርይዋ ደግሞ እንደ ሜክሲኮ ሰው ጥርት አድርጋ ነው የምትለው። ተመልካቻችን ውስጥ ይሄን ለመስማት አንድ ዓረፍተ ነገር የሚበቃው ሰው ግማሽ አዳራሽ ይሆናል። የአነጋገር አሠልጣኝ ቀጠርንላት። እሷም ደስ ብሏት ጀመረች።

ፓንቻን በተመለከተ ክርክር ነበር። ለቦታው ከሁሉም የበለጠችው ተዋናይ አባቷ ሜክሲኮ ውስጥ ኮስታ ቺካ ከሚባለው የፓሲፊክ ዳርቻ የመጣ ጥቁር ሜክሲኳዊ ነው። ከአዳራሹ ሰዎች አንዱ «ተመልካቹ ሜክሲኳዊት ናት ብሎ ያምናል?» አለ። ባልደረባዬ ጨዋታውን በአንድ መልስ ዘጋችው። በ2020 የሜክሲኮ ሕዝብ ቆጠራ ከ2.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ራሱን አፍሮ ሜክሲኳዊ ብሎ አስመዝግቧል። የማያምን ተመልካች ካለ፣ አይቶ ይመን። ደስ ብሎኝ አደርኩ።

የቆዳ ቀለም ነገር ለቴአትርና ለሲኒማ የቆየ ቁስል ነው። በ1961ዱ «ዌስት ሳይድ ስቶሪ» ፊልም ፖርቶ ሪኳውያኑን የተጫወቱ ተዋናዮች ሁሉ አንድ ዓይነት ቡናማ ቀለም ተቀብተዋል። ከእውነተኞቹ ጥቂት ፖርቶ ሪኳውያን አንዷ ሪታ ሞሬኖም አልቀረላትም። የእኛዎቹ አምስት ሴቶች አምስት ዓይነት መልክ አላቸው። እንደዚያው መድረክ ይወጣሉ።

ደግሞ ስለ ሰውነት። ተውኔቱ ከሲታ ያልሆኑ ሴቶች ስለራሳቸው ገላ የሚናገሩበት ነው። ስፖንጅ አስሮ ማወፈር የለም ብለናል። ለኦዲሽን ከመጡት ሴቶች ብዙዎቹ እስካሁን የተሰጣቸው ቦታ የቤት ሠራተኛ፣ ሞግዚት ወይም የምታለቅስ እናት እንደነበረ ነገሩን። አንዷ ጥሩ ተዋናይ፣ በዚህ ዕድሜዋ፣ መድረክ ላይ ሙሉ ስም ያላት ሴት ሆና አታውቅም። ያናድዳል።

ኦገስት መጨረሻ፣ ጠረጴዛ ላይ ንባብ

የመጀመሪያዎቹን ቀናት ተቀምጠን አነበብን። ከተዋናዮቹ የሚበዙት ከ1987 በኋላ የተወለዱ ናቸው፣ ስለዚህ ስለ ዘመኑ የኢሚግሬሽን ሕግ ማውራት ነበረብን። ፕሬዚዳንት ሬገን በኖቬምበር 6 ቀን 1986 የፈረሙት ሕግ ነው። ከጃንዋሪ 1 ቀን 1982 በፊት ገብተው ያለ ወረቀት የቆዩ ሰዎች መኖሪያ ፈቃድ እንዲጠይቁ በር ከፈተ። ማመልከቻ መቀበል የተጀመረው በሜይ 1987 ሲሆን የቆየው ለአንድ ዓመት ነው። በዚያ ሕግ በጠቅላላው ወደ 2.7 ሚሊዮን ሰው ወረቀት አግኝቷል።

በተውኔቱ አራቱ ሴቶች ወረቀታቸው ደርሷል። ኤስቴላ ብቻ ቀረች። የማሽኖቹን ዕዳ መክፈል አቅቷት ተከሳለች፤ ካመለከትኩ ክሱ ይወጣብኛል፣ ያባርሩኛል ብላ ፈራች። የሚገርመኝ ትዕይንት አለ። ኢሚግሬሽን መጣ ሲባል ሁሉም በየጥጉ ይደበቃሉ፤ ከዚያ ነው መደበቅ እንደማያስፈልጋቸው ትዝ የሚላቸው። ወረቀቱ ቦርሳቸው ውስጥ ነው፣ ፍርሃቱ ግን ገና ሰውነታቸው ውስጥ ነው። ሰው ይስቃል፣ መሳቅም አለበት። ግን ተዋናዮቹ በእውነት መደበቅ አለባቸው። ለሳቅ ብለው ከተደበቁ ትዕይንቱ ሞተ።

ንግግሩ በዚህ ሲደራ ስለ እኛም ሰዎች ነገርኳቸው። በዲሴምበር 1987 በወጣ ሌላ ሕግ ከጁላይ 21 ቀን 1984 በፊት የገቡ ኢትዮጵያውያን ከፖላንድ፣ ከአፍጋኒስታንና ከዩጋንዳ ሰዎች ጋር ተመሳሳይ ዕድል አግኝተዋል። ደርግን ሸሽተው እዚህ ቀርተው፣ ዛሬ ወይም ነገ ተመለሱ እንባላለን እያሉ ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው። ፌርፋክስ መንገድ ላይ፣ ዛሬ ሊትል ኢትዮጵያ በሚባለው ሰፈር፣ በዚያ ወረቀት ሱቅ የከፈተ ሰው አይጠፋም። ካርመንን የምትጫወተው ሴት ይሄን ስትሰማ ብዙ ጠየቀችኝ። በዚያው ቀን ልምምዱ ቀለል አለን።

ሴፕቴምበር፣ ማሽኖቹ ገቡ

በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

አራት የፋብሪካ ስፌት ማሽንና አንድ ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ እንዳይተረተር የሚሰፋ ማሽን) ተከራየን። ጁኪ የሚባሉ አሮጌ ማሽኖች ናቸው፣ ግን ይሠራሉ። መድረክ ላይ በእውነት እንዲሰፉ ነው የወሰንነው። የድምፅ ባለሙያው ከድምፅ ማጉያ ብናወጣው ይቀላል አለ። እውነቱን ነው፣ ይቀላል። ግን ያን ጊዜ ተዋናይዋ እጇን የምታንቀሳቅሰው ድምፁን ለመከተል ነው። ሠራተኛ ደግሞ ድምፁን ራሷ ናት የምትፈጥረው፤ ስትናደድ ፔዳሉን አጥብቃ ትረግጣለች፣ ወሬ ልትሰማ ስትፈልግ ታቆማለች። በዚህ ተውኔት ውስጥ ማን ማንን እንደሚያዳምጥ የሚታወቀው በማሽኑ ነው።

የሚያስተምሩንን ሴት ባልደረባዬ አመጣች። ከፑዌብላ የመጡ ናቸው፣ ዳውንታውን ባለው የልብስ ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በላይ ሰፍተዋል። ሁሉም «ዶኛ» ይላቸዋል፣ እንደ እኛ «እትዬ» ማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው። እንደ ማንኛውም ባለሙያ በሰዓት ይከፈላቸዋል።

ገና ሲገቡ አንድም ቃል ሳይናገሩ ተዋናዮቹን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ከዚያ አናን የምትጫወተው ልጅ ጋ ሄደው አገጯን በጣታቸው ቀና አደረጉት። መርፌውን አትዪ አሏት። መርፌውን የሚያይ ጀማሪ ነው፤ የሰለጠነ ሰው የሚያየው ከመርፌው ጎን ጨርቁ የሚሄድበትን መስመር ነው። አና ጀማሪ ናት፣ ስለዚህ እሷ ብቻ መርፌውን ብታይ ልክ ነው። ካርመንና ፓንቻ ግን ሐሜት እያወሩ፣ ቀና ብለው ሰው እያዩ መስፋት አለባቸው። ይሄ አንድ ነገር ብቻ ገጸ ባሕርያቱን ለየልኝ። ስንት ገጽ ባወራበት እንዲህ አይሆንልኝም ነበር።

ቀጠሉ። ትንሿ መቀስ በላስቲክ ማሽኑ ላይ ትታሰራለች፤ አለዚያ ትጠፋለች፣ የጠፋች መቀስ ደግሞ የጠፋ ገንዘብ ናት። ጣት ላይ ፕላስተር ይጠቀለላል። ጨርቁ በጥቅል ታስሮ ይመጣል፤ በእያንዳንዱ ጥቅል ላይ ትንሽ ትኬት አለ። ሠራተኛዋ ጥቅሉን ስትጨርስ ትኬቷን ቆርጣ ታስቀምጣለች፤ በሳምንቱ መጨረሻ በትኬቶቹ ብዛት ይከፈላታል። በሰፉት ልክ መክፈል እዚህ ካሊፎርኒያ ውስጥ ለልብስ ሰፊዎች የተከለከለው ገና በጃንዋሪ 2022 ነው። ዶኛ ሕጉን ያውቁታል፤ የማያከብሩትንም ያውቃሉ።

ትኬቶቹን መድረክ ላይ አስገባናቸው። ጽሑፉ ላይ የሉም፤ ቃለ ተውኔት ላይ አንዲት ቃል መጨመርም ፈቃዱ አይፈቅድልንም፣ ልንጨምርም አንፈልግም። ግን እጅ ላይ የሚያዝ ዕቃ የእኛ ነው። ፓንቻ ትኬቶቿን ቡና የተጠጣበት ኩባያ ውስጥ ታጠራቅማለች። ሮሳሊ በመርፌ ቁልፍ ደረቷ ላይ ትሰካቸዋለች። ኤስቴላ የማንም ትኬት ወዳለበት አታይም፣ ምክንያቱም የምትከፍለው የላትም። ይሄን የመጨረሻውን ያገኘችው ተዋናይዋ ራሷ ናት።

ሴፕቴምበር መጨረሻ፣ የመድረኩ ንድፍ

የመጀመሪያው ንድፍ ሲመጣ ኮርኒሱ ላይ በቀለም ያሸበረቀ የተቆራረጠ ወረቀት ተሰቅሎበታል። ጥግ ላይ ቁልቋል። ግድግዳው ብርቱካናማና ሮዝ። ባልደረባዬ ዓይታው «ይሄ ሬስቶራንት ነው» አለች። አበቃ። ንድፍ አውጪው ጎበዝ ልጅ ነው፤ በማግሥቱ ከዶኛ ጋር ዳውንታውን ሄዶ ሁለት የስፌት ቤት ዓይቶ መጣ።

አሁን ያለን ይሄ ነው። ግድግዳው ነጭ የነበረ ግራጫ። የሥጋ ቤት የስጦታ ካላንደር፣ የሴፕቴምበር ገጽ ላይ የተከፈተ። ሬዲዮ። የካውያ ጠረጴዛ፣ እንፋሎቱ በእውነት የሚወጣ። ከጣሪያ የወረዱ ረጃጅም መብራቶች። ወለሉ በሙሉ የክር ቁርጥራጭ ነው፤ ተዋናዮቹ በተራመዱ ቁጥር ጫማቸው ላይ ይለጠፋል፣ ቀሚሳቸው ላይ ይወጣል፣ እስከ ቤታቸው ይዘውት ይሄዳሉ።

ሜክሲኳውያን ስለሚያከብሯት የጓዳሉፔ እመቤት፣ ስለ ማርያም ሥዕል፣ ብዙ ተከራከርን። የሜክሲኮ ቤት ተብሎ ሲሠራ መጀመሪያ የሚቀመጠው እሱ ስለሆነ እኔ እንዲወጣ ፈልጌ ነበር፣ የለመድነውን ምልክት መደርደር እንዳይሆን። ባልደረባዬ እምቢ አለች። እናቴ ያለ እሷ ማሽን ፊት ተቀምጣ አታውቅም አለች። ስለዚህ አለ፣ ግን አበባና ሻማ የለውም። የኪስ ካርድ የምታህል ሥዕል ናት፣ ካርመን ማሽን ላይ በፕላስተር ተለጥፋለች፣ ጫፏ በጣት ብዛት ጠቁሯል። ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ አትታይም። ካርመን ግን ታያታለች።

ኦክቶበር፣ የሙቀቱ ትዕይንት

ሙቀቱ ሲበረታ ሴቶቹ አንድ በአንድ ልብሳቸውን ያወልቃሉ፤ በውስጥ ልብስ ቆመው ሸንተረራቸውንና ጠባሳቸውን ያሳያያሉ፣ ይወዳደራሉ፣ ይሳሳቃሉ። ተውኔቱን ዝነኛ ያደረገው ይሄ ትዕይንት ነው። በቀላሉ የሚበላሸውም እሱ ነው።

ለእንዲህ ያሉ ትዕይንቶች የሠለጠነች አስተባባሪ ቀጥረናል። ለብዙ ጊዜ ልብስ ለብሰን ነው የተለማመድነው። በኋላ በሩ ተዘጋ፣ ስልክ ውጭ ቀረ፣ ክፍሉ ውስጥ መኖር የማያስፈልገው ሰው ወጣ፣ ጋቢ የሚያህል ፎጣ በየወንበሩ ላይ ተቀመጠ። እያንዳንዷ ተዋናይ ምን እንደምታወልቅና ምን እንደማታወልቅ ራሷ ወሰነች፤ የተወሰነው ተጻፈ፤ ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቃትም።

መብራት ላይ ግን ጸናሁ። የመብራት ባለሙያው ለስለስ ያለ፣ ሞቅ ያለ ብርሃን አሳየን፤ ሁሉም ቆንጆ ሆኑ፣ ሸንተረሩ ጠፋ። እምቢ አልኩ። እነዚህ ሴቶች ሸንተረራቸውን እያሳዩ መብራቱ ሊደብቅላቸው ከሞከረ ውሸታም ያደርጋቸዋል። ያው የፋብሪካው ነጭ መብራት ይቆይ። ብቻ የጠይሟና የነጯ ቆዳ በአንድ መብራት እኩል ስለማይወጣ፣ ፓንቻ የምትቆምበት ጎን ላይ ከጎን የሚመጣ ተጨማሪ መብራት ገባ። እሷን ለማንጣት አይደለም። ፊቷ እንዲነበብ ነው።

ካርመንን የምትጫወተው ሴት ከመካከላቸው ትልቋ ናት። ገጸ ባሕርይዋ አርግዣለሁ ብላ የምታስብ፣ ኋላ ግን የወር አበባዋ መቋረጫ ዕድሜ መድረሱ የሚገባት እናት ናት። ተዋናይዋ ይሄን ክፍል በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የምትለው፣ እጇ ካውያውን ሳይለቅ። ልጇን ስትወቅስም አታቅፋትም፣ አታለቅስም፤ በጨርቅ ቁራጭ ጀርባዋን መታ ታደርጋታለች። ባልደረባዬ ከኋላዬ ሆና «እናቴ ናት» አለች። እኔም የራሴን እናት አይቻለሁ፣ ግን ዝም አልኩ፤ ይሄ ስለ እኔ እናት አይደለም።

ኦክቶበር መጨረሻ

ስለ ፍርሃት ሳንነጋገር ማለፍ አልቻልንም። በጁን 6 ቀን 2025 የኢሚግሬሽን ፖሊሶች እዚሁ የልብስ ሰፈር ገብተው ሠራተኞችን ወስደዋል፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ሁሉ አይቷል። ከተዋናዮቻችን አንዷ አሜሪካ ተወልዳ ፓስፖርቷን በቦርሳዋ ይዛ ነው ልምምድ የምትመጣው። በተውኔቱ ውስጥ ያለው የመደበቅ ትዕይንት በኦገስት እንደነበረው አሁን አያስቅም። አልቀየርነውም። ተዋናዮቹ ራሳቸው ሳቁ ይቆይ አሉ፤ የሚስቁ ሴቶችን እንጂ የሚለመንላቸውን ሴቶች መጫወት አይፈልጉም። በዚህ ሙሉ በሙሉ አብሬያቸው ነኝ።

የተመልካቹን ነገር ግን አስተካከልን። ከእሁድ ከሰዓት ትርኢት መቀመጫዎች ገሚሱ ለልብስ ሰፊዎች በነፃ ነው። በር ላይ ስምና ስልክ የሚጻፍበት ወረቀት ተነሥቷል። ማንም ማንነቱን አይጠየቅም። በበራሪ ወረቀቱ ላይም በስፓኒሽ የሚነገረው ክፍል በእንግሊዝኛ አልተብራራም፤ ለምሥራቅ ሎስ አንጀለስ ሰው የተጻፈን ጨዋታ እሱ ፊት ለሌላ ሰው እያስረዳሁ አላቋርጥም። ያልገባው ከፊታቸው ያነበዋል።

ኖቬምበር፣ ከመክፈቻው በኋላ

ተከፍቷል። ሞልቷል። ዝርዝሩን ለሌላ ጊዜ አቆየዋለሁ፣ እሁድን ብቻ ልጻፍ።

እሁድ ከዶኛ ጋር የሠሩ ሴቶች በቡድን መጡ። ማሽኖቹ ገና ሲነሡ ከመካከለኛው ረድፍ ጉርምርምታ ተሰማ። ሮሳሊ የምትሠራበት ኦቨርሎክ ክር ሲበጥስባት አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ሆና ክሩን እንዴት እንደምትመልሰው በስፓኒሽ ጮክ ብላ ነገረቻት። ተዋናይዋ ሳትደነግጥ አደረገችው፣ ሠራላት፣ አዳራሹ አጨበጨበ። የሙቀቱ ትዕይንት ላይ አንዳንዶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ፣ አንዳንዶቹ ቆመው አፏጩ። ከትርኢቱ በኋላ በነበረው ውይይት አንዲት ሴት ቅር ያላትን ተናገረች፦ የምሳው ትዕይንት ፈጠነ። እነሱ ምሳ ሲበሉ ምግቡ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ይዞራል፤ የእኛዎቹ ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸውን በሉ። ልክ ናት። ባልደረባዬም እኔም ጻፍነው።

ከፌርፋክስ የመጡ ሐበሾችም ነበሩ። አንድ አባት በኋላ ጠጋ ብለው በዚያው በዲሴምበር 1987ቱ ሕግ ወረቀት እንዳወጡ አጫወቱኝ። ኤስቴላ አለማመልከቷን ደብቃ የምትዞርበትን ክፍል ደግመው ደጋግመው አነሡት። ለተዋናይዋ ነግሬያታለሁ።

ለሚቀጥለው ሳምንት የሚስተካከለው ይሄ ነው። የምሳው ትዕይንት እንደገና ይሠራል፣ ምግቡ ይዙር፤ ዶኛ ማክሰኞ ልምምድ ላይ ይገኛሉ። የካውያው እንፋሎት የካርመንን ፊት እየሸፈነ ስለሆነ ጠረጴዛው ወደ ግራ ይሄዳል። ፓንቻ ልጅ መውለድ ስለማትችልበት ጉዳይ የምትናገረው ክፍል ላይ ሌሎቹ ማሽን ያቁሙ፤ ቀስ በቀስ፣ አንድ በአንድ፣ መጨረሻ ላይ ኦቨርሎኩ። የወለሉ ክር ተጠርጎ አልቋል፣ ሌላ ከረጢት ከዳውንታውን ይምጣ። የነፃ ወንበሮቹ ለሁሉም ትርኢት ይሁኑልን ብለን አዳራሹን ጠይቀናል፤ መልስ እየጠበቅን ነው።